ቻናል ሰባት ላይ የሰማሁት መርዶ

እናቴ ያረፈችው ረቡዕ ነው። ሐሙስ ተቀበረች። እኔ ግን እስከ ቅዳሜ ረፋድ ድረስ እናት ነበረችኝ፤ ከፋሲካ በኋላ ሄጄ ላያት ቲኬት የቆረጥኩላት፣ ሹራብ የገዛሁላት እናት። እነዚያን ቀናት ጨምረው የሰጡኝ ባሌና ታናሽ ወንድሜ ናቸው። ስጦታ መስሏቸው ነው። ስጦታ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልወሰንኩም። አንዳንድ ቀን አመሰግናቸዋለሁ፣ ብዙውን ቀን እናደድባቸዋለሁ።

ነገሩን ከሬዲዮው ልጀምር፤ ያለ ሬዲዮው አይገባም።

ካናዳ ውስጥ፣ ካልጋሪ አየር ማረፊያ አውሮፕላን አጸዳለሁ። አንዱ መንገደኛ ወርዶ ሌላው እስኪገባ ባለችው ጥቂት ደቂቃ ውስጥ የወንበር ኪስ እንበረብራለን፣ ፍርፋሪ እንጠርጋለን፣ ሰው ረስቶት የሄደውን ጉድ ሁሉ እንለቅማለን። ሱፐርቫይዘር ከሆንኩ ወዲህ ትከሻዬ ላይ የመገናኛ ሬዲዮ ተንጠልጥላ ትውላለች። ሬዲዮ እንደ ስልክ አይደለም። ቁልፉን ተጭነህ ትናገራለህ፣ ለቀህ ትሰማለህ። አንተ ተጭነህ ሳለ ሌላው ቢጮህም አይሰማህም። ሁለተኛው ሕግ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ በዚያ ቻናል ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማሃል። አዲስ ሠራተኛ ሁሉ አንድ ቀን በዚህ ሕግ ይዋረዳል። አንዷ ልጅ ለጓደኛዋ ብቻ የምትነግር መስሏት ስለ አለቃችን ካልሲ ሽታ ለመላው ክፍል አወራች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ልጅቱ በሳምንቱ ሥራ ለቀቀች።

ይህን ሕግ እናቴን ሳይቀር አስተምሬያታለሁ። እናቴ ደሴ ነበረች፣ ጆሮዋ ደክሟል፣ መስመሩም ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። እኔ «እንደምን አደርሽ» ስል እሷም «እንደምን አደርሽ» ትላለች፤ ሁለታችንም ዝም እንላለን፤ ከዚያ ሁለታችንም ባንዴ «ሄሎ!» እንላለን። በዚህ ዓይነት ግማሹ ጊዜ ሄሎ በመባባል ያልቅ ነበር። አንድ ቀን በቃኝና «እማዬ፣ እኛ ሥራ ቦታ እንዲህ እናደርጋለን፤ አንቺ ተናግረሽ ስትጨርሺ ‹ተራሽ ነው› በይኝ፣ እስከዚያ እኔ ዝም እላለሁ» አልኳት። በጣም ወደደችው። ከዚያ ወዲያ ወታደር ሆና ቀረች። «ጉልበቴን ውጋት ይዞኛል፣ የጎረቤት ፍየል ጎመኔን ጨርሳዋለች፣ አቡነ ዘበሰማያት ሳትደግሚ እንዳትተኚ፤ በይ ተራሽ ነው።» እየሳቅኩ ተራዬን እቀበላለሁ።

በመስከረም ልቧ እንደ ደከመ ሐኪም ነገራት። መሄድ ነበረብኝ። ለሰው ሁሉ የምናገረው የሥራ ምክንያት አለኝ፤ ዕረፍት የሚወጣው በሲኒየርነት ነው፣ ቀድሞ የተቀጠረ ቀድሞ ይመርጣል፣ የደረሰኝ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ነው። እውነት ነው፤ ግን ሙሉው እውነት አይደለም። አለቃዬ ቢሮ ገብቼ «እናቴ ታማለች» ብል ይፈቅዱልኝ ነበር። አልገባሁም። ያልገባሁት ደግሞ ያን የበረዶ ክረምት ደስ ብሎኝ ስለነበር ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ደስታዬ ሳንቃ ነበር፤ ስኖውቦርድ። ወንድሜ ነው ያስለመደኝ። ከመጣ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ማርልቦሮ ሰፈር ባለው ቤታችን ምድር ቤት፣ ቤዝመንቱ ውስጥ ይኖራል፣ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፣ ሥራ ባልደረቦቹ ተራራ ወስደው አሳበዱት። እሱ ደግሞ እኔን አሳበደኝ። አርባ አራት ዓመቴ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ቆሜ የሄድኩት ተቀምጬ ከሄድኩት ያንሳል። ሁለቱም እግርህ አንድ ሳንቃ ላይ ታስሮ በበረዶ ላይ ቁልቁል ትለቀቃለህ፤ ይኸው ነው ጨዋታው። ማታ ገንዳ ውስጥ ተዘፍዝፌ ሳለቅስ ባሌ በር ላይ ቆሞ «ብርዱ ቤታችን ድረስ እየመጣልን እኛ ደግሞ ተራራ ድረስ ሄደን እንፈልገው?» አለኝ። የቤተ ክርስቲያን ሴቶችም አልማሩኝም። አንዲት እናት ከቅዳሴ በኋላ አጠገባቸው ጠርተውኝ «ልጄ፣ ሳንቃ ላይ መውጣት አንድ ቀን ለሁላችንም አይቀርልን፤ አንቺን ምን አስቸኮለሽ?» አሉኝ። እስከ መኪናዬ ድረስ ብቻዬን ሳቅኩ።

ግን ለመድኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከወንድሜ ጋር ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት ተኩል እየነዳን እንሄዳለን። እዚያ ላይ ስልክ አይሠራም፤ ተራራው ግርጌ ባለው ማረፊያ ቤት፣ በሎጁ ውስጥ ያለው ዋይፋይ ካልሆነ በቀር ዓለም የለም። በሁለተኛው ክረምት መንገድ ስቼ በሌላ በኩል ወርጄ ወንድሜ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲፈልገኝ ዋለ፤ ሲያገኘኝ ተቆጣኝ፣ ከዚያ አቀፈኝ። በማግስቱ ሦስት ሬዲዮ ያለበት ካርቶን ገዛሁ። ሳሙና የሚያካክሉ ቢጫ ነገሮች ናቸው። አንዱ ለኔ፣ አንዱ ለሱ፣ ሦስተኛው ምናልባት አንድ ቀን ሐሳቡን ቢለውጥ ለባሌ።

ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሁለቱንም አስተማርኳቸው። ቻናላችን ሰባት ነው፣ ከመናገርህ በፊት አድምጥ፣ ቁልፉን ተጫን፣ አጭር ተናገር፣ ልቀቅ። ወንድሜ ወዲያው ገባው። ባሌ ግን ቁልፉን ይይዝና «ሄሎ፣ እንደምን ዋልሽ፣ ደህና ነሽ ወይ፣ ብርዱ እንዴት ነው፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን» እያለ ሰላምታውን ይደረድራል። «ልቀቀው!» ብለው አይሰማም፤ ተጭኖታላ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አልኩት። ሦስታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። የባሌ ሬዲዮ ግን መሳቢያ ውስጥ ቀረች፤ እሱ ተራራ የሚሄድ ሰው አልሆነም።

ከእናቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ያወራነው እሁድ ነበር። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። «እኔ እንደሁ ደክሞኛል» አለችኝ። «ዓይንሽን ሳላይ እንዳልሄድ ነው የምፈራው። እውነቱን ንገሪኝ፣ በእርግጥ ትመጫለሽ? በይ ተራሽ ነው።» መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት መስመሩ ተቋረጠ። ሁለቴ ደወልኩ፣ እንቢ አለ። ሺፍት ነበረብኝ፣ የሥራ ጫማዬን አሠርኩና ወጣሁ። በልቤ «ለሚቀጥለው እሁድ» አልኩ።

ሐሙስ ማታ ወንድሜ ለእራት አልወጣም። ዓርብ ጠዋት በር ላይ ስንገናኝ ዓይኑ አብጧል። «ምን ሆነሃል?» አልኩት። «አለርጂ ነው፣ እታለም» አለኝ። «በዚህ በረዶ ምን አበባ አግኝተህ ነው?» ብዬ ቀለድኩበት። እሱም ሊስቅ ሞከረ። ባሌ ደግሞ ስልኬን አንስቶ «ይሄ ነገር አፕዴት ይፈልጋል» ብሎ ሁለት ቀን ሲነካካው ሰነበተ፤ ዋትስአፕ አልከፈት አለኝ። ባሌ የከተማ አውቶቡስ ነው የሚነዳው፤ ስለ ስልክ የሚያውቀው እኔ የማውቀውን ያህል ነው። እንኳን መጠርጠር፣ ደስ አለኝ። ሰው በሃያ ዓመት ትዳሩ ውስጥ ሚስቱን ማገዝ ቢጀምር ምን ይባላል?

ዓርብ ማታ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነገር አመጣ። «ነገ ተራራ እንሂድ፣ እኔም እመጣለሁ። ሺፍት ቀይሬያለሁ» አለኝ። ማመን አቃተኝ። ጾም ስለሆነ ሽሮ በዳቦ አዘጋጀሁ፣ ሻይ በፔርሙዝ ሞላሁ፣ ሦስቱንም ሬዲዮ ቻርጅ ላይ ሰካሁ። የመኝታ ልብሴን ስለብስ እንደ ልጅ ዘፈንኩ። ባሌ የተለወጠ መሰለኝ። ያን ማታ ስንት ሰው በዚያች ከተማ ስለ እናቴ ሞት በሹክሹክታ እየተደዋወለ እንደነበር ሳስበው ያ ዘፈን ያሳፍረኛል።

ቅዳሜ ፀሐይ ነበረች፤ እንዲህ ያለችው ፀሐይ ጥርስ ብቻ ናት፣ ትስቃለች እንጂ አታሞቅም። ሎጁ ጋ ስንደርስ ባሌ «ስልክሽን እዚህ ተይው፣ ስትወድቂ ይሰበራል» አለኝ። ሰጠሁት። እሱ መስኮት ዳር ወንበር ያዘና ሬዲዮውን ፊቱ አቆመ። እኔና ወንድሜ በገመድ በሚሄደው ወንበር ወጣን። ሽቅብ ስንሄድ እግሩን ያወዛውዛል። ጫፍ ላይ ስንደርስ በረዶው ላይ ተንበረከከና የሳንቃዬን ማሰሪያ አጠበቀልኝ። ራሴ ማሰር ከቻልኩ ቆይቻለሁ። አሥሮ ከጨረሰ በኋላም ጫማዬን ይዞ ቆየ።

«ምነው?» አልኩት።

«ምንም። ማሰሪያው ልል ነው ብዬ ነው።»

ሬዲዮዬን ሳይ ባትሪዋ ቀይ ሆኗል፤ ሌሊቱን ቻርጀሩ ላይ በደንብ አልተቀመጠችም። «እኔ አጠፋታለሁ፣ ለምሳ ሎጁ በር ላይ እንገናኝ» አልኩት። እሱ «ኦኬ» አለኝና በከባዱ በኩል ሄደ። እኔ በቀላሉ በኩል ወረድኩ።

ያን ቀን፣ በዚያ በማይረሳኝ ቀን፣ ዘጠኝ ጊዜ ሳልወድቅ ታጠፍኩ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ሦስት ክረምት የለፋሁበት ነገር ድንገት ጉልበቴ ውስጥ ገባ። ዘጠነኛው ላይ ራሴ ደንግጬ ቆምኩና ጥዶቹ ጥግ ተቀመጥኩ። ለወንድሜ መንገር አለብኝ። ባትሪው ያለቀ እንደሆነ ይለቅ። ጓንቴን አውልቄ ሬዲዮዋን ከፈትኩ። የራሴን ሕግ አከብራለሁ፤ ከመናገሬ በፊት አደመጥኩ።

«...እየሰማሁህ ነው፤ ረጋ በል» ይላል ባሌ። አጭር ተናግሮ ለቀቀ። ያን ቀን ሬዲዮ አነጋገር ተምሮ ነበር።

«ጋሼ፣ አልቻልኩም» አለ ወንድሜ። «ማሰሪያዋን ሳስርላት ልነግራት ነበር። ሃፒ ናት እኮ። ፊቷን ማየት አልቻልኩም።»

«እስከ ነገ ጠዋት ቻለው። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ከሥራ ኦፍ የሚሆኑት ነገ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመጣሉ። አሁን ብትነግራት እዚህ በረዶ ላይ ማን ይይዛታል?»

«እኔንስ ማን ያዘኝ?» አለ ወንድሜ። «ዛሬ የእማዬ ሣልስት ነው፣ ጋሼ። እናቴን ቀብረዋት እኔ እዚህ ስኖውቦርድ ላይ ቆሜያለሁ። ከረቡዕ ጀምሮ አንድ ቀን ድምፄን አውጥቼ አላለቀስኩም። እሷ እንዳትሰማኝ ብዬ ትራስ ነክሼ ነው የማድረው።»

«አውቃለሁ። አይዞህ፣ አንድ ቀን ነው የቀረው። ብቻ... ሬዲዮዋን አጥፍታለች አይደል?»

«አጥፍታለች። ባትሪ የላትም።»

ከዚያ አንድ የማላውቀው ሰው በእንግሊዝኛ ገባና ድንች ጥብስ የሚፈልግ ካለ ጠየቀ። የአንድ ሕፃን ድምፅ «እኔ! እኔ!» አለ።

አውራ ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። መጫን ብቻ ነው የቀረኝ። «ሰምቻለሁ» ብል ያልቃል፤ ወንድሜ ይመጣል፣ በረዶው ላይ እንተቃቀፋለን፣ እንጮሃለን፣ ፈረንጁ ድንች ጥብሱን ይዞ ይደነግጣል። ለምን እንዳልተጫንኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። መጀመሪያ ንዴት ነው። ከረቡዕ ጀምሮ! እናቴ ረቡዕ ሞታ፣ ለመርዶዋ ዊኬንድ ሲጠብቁ፣ ሺፍት ሲቀያየሩ! በስልኬ ሲቀልዱ፣ እኔ ስዘፍን ሲሰሙኝ! ከዚያ ግን ወንድሜ ትራስ ስለ መንከሱ ያለው ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። መርዶ በኛ ዘንድ አንድ ሰው አይናገርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ መጥቶ፣ በብዙ አፍ ነው የሚናገረው። ሬሳ ብዙ ሰው እንደሚሸከመው ማለት ነው። እኔ ያን ቁልፍ ብጫን መርዶውን የነገረኝ ወንድሜ ሊሆን ነው፤ ብቻውን፣ በስሕተት፣ በሳሙና በምታክል ቢጫ ፕላስቲክ። ያንን ዕድሜ ልኩን አይጥለውም። እኔ አውቀዋለሁ፤ አንድ ሳህን ቢሰብር ዓመት የሚያዝን ልጅ ነው።

ጣቴን አነሣሁና ሬዲዮዋን አጠፋሁ።

አንድ የተራራው ጠባቂ እያለፈ ደህና መሆኔን ጠየቀኝ። አውራ ጣቴን አሳየሁት። የቀረውን መንገድ ስወድቅ ስነሣ ወረድኩ፤ ያ ዘጠኙ መታጠፍ ሁለተኛ አልመጣልኝም፣ እስከ ዛሬም አልመጣም።

ሎጁ በር ላይ ወንድሜ ፊቱን በበረዶ አሽቶ ቀልቶ ጠበቀኝ። ባሌ ሽሮውን ዘረጋ። በላሁ። እናቴ ሞታ ቁጭ ብዬ በላሁ፤ ካልበላሁ ያውቁብኛላ። «እንዴት ነበር፣ እታለም?» አለኝ ወንድሜ። «ዘጠኝ ጊዜ ሳልወድቅ ታጠፍኩ» አልኩት። «ጎበዝ!» አለኝና ወዲያው ሻይ ቀዳ። ጠረጴዛው ላይ ያለው እጁ ከእጄ አንድ ስንዝር አይርቅም። ሁለታችንም አንዱን ነገር እናውቃለን፣ ሁለታችንም አንዳችን ለሌላው ስንል እንስቃለን። ባሌ መሐል ተቀምጦ ዳቦ ይቆርሳል። በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት ብቸኛ ሆኜ አላውቅም።

ከምሳ በኋላ ተመልሼ ወጣሁ። አሥር ሰዓት ላይ ገመዱ እስኪዘጋ ድረስ ወጣሁ ወረድኩ። ሌላ ፊቴን የምደብቅበት ቦታ አልነበረኝም፤ ወንበሩ ሽቅብ ሲሄድ ብቻዬን እሆናለሁ፣ የበረዶ መነጽሩ ከውስጥ በእንባ ጉም ይለብሳል፣ ጫፍ ሲደርስ እጠርገዋለሁ። እዬዬ ማለት ግን አልቻልኩም። ከፊቴም ከኋላዬም ባለው ወንበር ላይ የሰው ልጆች ይዘፍናሉ። ሲመሽ ባሌ ለወንድሜ «ዛሬ ሃይሏ ለጉድ ነው» ሲለው ሰማሁ። የተሳካላቸው መስሏቸው ነበር።

እሁድ ጎህ ሳይቀድ ነቅቼ መኪኖቹን ስቆጥር ነበር። አንዱ መጣ፣ ሌላው መጣ፤ በራቸውን ቀስ ብለው ይዘጋሉ። ማርልቦሮ ውስጥ እሁድ በአሥራ አንድ ሰዓት ስምንት መኪና ደጅህ ፓርክ ካደረገ ለሠርግ አይደለም። ባሌ ከአልጋው ተነሣ፤ ልብሱን ለብሶ ነበር የተኛው። በሩ ተንኳኳ። ነጠላ ያደረጉ ሴቶች ግራና ቀኜን ያዙኝ፤ ራሴን እንዳልጥል ነው። ከፊት የቆሙት ፎረስት ሎን ሰፈር የልብስ ስፌት ሱቅ የነበራቸው የአስመራ ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛቸው ከሁላችንም ይሻላል፣ ስለዚህ መርዶ ሁሌ የሚሰጠው ለሳቸው ነው።

«ልጄ» አሉኝ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው። «ሁላችንም መንገደኞች ነን። እናትዎ ከኛ ቀድመው ሄደዋል። እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

ከሳቸው ቀጥሎ የኔ ተራ ነው። ይህን ጊዜ የሟች ልጅ ይጮሃል፤ ሁሉም የሚጠብቀው ያንን ነው፣ ለዚያ ነው ከእንቅልፋቸው የተነሡት። አፌን ከፈትኩ። አልመጣም። እንደገና ሞከርኩ፤ አንድ ጩኸት ወጣኝ፣ ግን ውሸት ነበር፣ ውሸትነቱን ራሴ ሰማሁት። እዚያው ቆሜ የቀረሁ ጊዜ ወንድሜ ከቤዝመንቱ ደረጃ ወጣና «እማዬን!» ብሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። ከረቡዕ ጀምሮ ያጠራቀመው ሁሉ ነበር። ሴቶቹ እኔን ለቀው ወደሱ ሮጡ። ደረቱን ሲመታ፣ ስሟን ሲጠራ፣ ሰው ሲያቅፈው እያየሁ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ቀናሁበት። በእናቴ ሞት ወንድሜ ላይ ቀናሁ፤ እሱ እርሙን አወጣ። «ደርቃ ቀረች፣ ድንጋጤ ነው» አለች አንዷ። ሌላዋ ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ «ይሄ አገር ልብ ያደርቃል» አለች። ሰማኋት። አልተቀየምኳትም።

ይህን ስጽፍ ሰው «ታዲያ ለምን አሁን ትጽፊዋለሽ?» ይለኝ ይሆናል። ወንድሜ መጽሐፍ አያነብም፤ በዚያ እተማመናለሁ። ስም ያልጻፍኩትም ለዚሁ ነው።

ዐርባዋን ካወጣን በኋላ፣ በረዶው ቀልጦ የጋራዡ በር ክፍት መዋል ሲጀምር፣ ወንድሜ ሳንቃዎቹን ሊያስቀምጥ ወጣ። እኔም አብሬው ነበርኩ። ሦስቱን ሬዲዮ ከቦርሳው አውጥቶ ባትሪያቸውን ነቅሎ አንድ በአንድ ካርቶናቸው ውስጥ ያስቀምጣል። የኔ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«እታለም፣ ያን ቅዳሜ... ሬዲዮሽ ጠፍቶ ነበር አይደል?»

አየኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ የማውቀው አስተያየት ነው፤ ጥፋቱን ተሸክሞ መጥቶ «አላጠፋህም» እንድትለው የሚለምን ልጅ አስተያየት። ጋራዡ ውስጥ እኛ ብቻ ነን። ባሌ ሥራ ላይ ነው። ለእውነት ከዚያ የተሻለ ቀን አይገኝም።

«ጠፍቶ ነበር» አልኩት። «ባትሪዬ አልቆ።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «እንኳን። ብትሰሚ ኖሮ ራሴን አልምርም ነበር።» ከዚያ፣ ሸክሙ ቀለለውና፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ያወራ ጀመር። ረቡዕ ስልኩ ሲደወል መጋዘን ውስጥ ካርቶን እየጫነ እንደነበር። ስልኩን ዘግቶ ሺፍቱን እስኪጨርስ እንደጫነ፣ ምን እንደጫነ እንደማያስታውስ። ሐሙስ የቀብሩን ሰዓት በኛ ሰዓት አስልቶ ሽንት ቤት ውስጥ ቆሞ እንደጸለየ። አንድ ጊዜም አላቋረጥኩትም። እናታችንን በዓለም ላይ «እማዬ» የምንላት ሁለታችን ብቻ ነን የቀረነው፣ እሱም የኔን ሊሰማ ነበር ይህን ሁሉ የሚነግረኝ።

ሲጨርስ እንባውን በእጅጌው ጠረገ። ፈገግ አለና እንደሷ ድምፁን አቅጥኖ «በይ፣ ተራሽ ነው» አለኝ።

ጥዶቹን፣ ጓንት የሌለውን እጄን፣ በመነጽሩ ውስጥ ያለቀሰውን ዓይኔን ሁሉ ይዤ አንዱንም መንገር አልቻልኩም።

«እኔማ» አልኩት፣ «እሁድ ጠዋት በር ሲንኳኳ ነው የሰማሁት።»

ጠበቀኝ። ካርቶኑን ዘግቶ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ሰቀለው።